ከፎቶ እያየሁ የሰው ፊት እሥላለሁ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ጀበና ግን አቃተኝ፤ ከየት ልጀምር?

የማርቆስ ልጅ (ጠያቂ)

እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ዕድሜዬ 26 ነው። ሥዕል ማንም አላስተማረኝም። የሰው ፎቶ ከስልክ ላይ አትምና በማስመሪያ አንድ አንድ ሳንቲሜትር ካሬ አሰምርበታለሁ፤ ትልቁ ወረቀት ላይም በቁጥር ያንኑ ያህል ካሬ አስፍቼ አሰምርና ካሬ በካሬ እያየሁ እገለብጠዋለሁ። በምረቃ ሰሞን ብዙ ሰው ያሠራኛል። ጋዎን ለብሰው የተነሡትን ይዘው ይመጣሉ፣ ሲረከቡኝም «ቁርጥ እሱን!» ይላሉ። ደስ ይለኛል፣ ገንዘቡም ቤት ይደግፋል።

በቀደም እናቴ ቡና ስታፈላ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር ደብተር አወጣሁና ጀበናውን ልሥል ተቀመጥኩ። እምቢ አለኝ። ሆዱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ አንገቱ ከመሐል አይወጣም፣ ማቶቱ ጀበናውን የተሸከመ ሳይሆን ፊቱ የተጣለ ቀለበት መሰለ። ስኒዎቹ ረከቦቱ ላይ የተቀመጡ ሳይሆን የተለጠፉ ሆኑ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ለውጥ የለውም። የሰው ሽፋሽፍት አንድ በአንድ የማወጣ ልጅ እንዴት ጀበና ያቅተኛል?

ከመሠረቱ መማር እፈልጋለሁ፣ ከልቤ ነው። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ከመስመር ጀምሩ ይላል፣ አንዱ ከራስ ቅል፣ ሌላው ዝም ብላችሁ ብቻ ሣሉ ይላል። ሥራዬን ጥዬ አዲስ አበባ ሄጄ ልማር አልችልም። ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ትንሽ ጊዜ አለኝ፣ ማታም እንደዚሁ። በዚህ ዕድሜ ይቻላል? በምን ቅደም ተከተል? እርሳስስ? እኛ ሱቅ ያለው ኤች ቢ ብቻ ነው።

ዓባይ ማዶ

እኔ የምለው፣ ሰው ወዶ እየከፈለሽ ምን አስጨነቀሽ? ካሬ ማስመር ነውር አይደለም። ትልልቆቹ የፈረንጅ ሠዓሊዎችም ይጠቀሙበት ነበር። እኔ የሱቅ ማስታወቂያ ጽሑፍና ሥዕል እሠራለሁ፣ ግድግዳ ላይ ትልቅ ነገር ያለ ካሬ አይሞከርም። እርሳስ ከፈለግሽ ባሕር ዳር 2ቢ፣ 4ቢ፣ 6ቢ ይገኛል፤ ሰው ሲመጣ አስልኪው። ቢ የሚለው በጨመረ ቁጥር እየጠቆረና እየለሰለሰ ይሄዳል፣ ኤች የሚለው ደግሞ እየጠነከረና እየፈዘዘ። በርቺ።

መምህር ከባሕር ዳር

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል አስተምራለሁ፤ የአንቺን ችግር ይዘው የሚመጡ ልጆች በየዓመቱ አሉ። እጃቸው ጎበዝ ነው፣ ጥላ ማዋሐድ ይችላሉ፣ ወንበር ሣሉ ስላቸው ግን ይደነግጣሉ። ምክንያቱ የእጅ አይደለም። ፎቶው ሲጀመር ጠፍጣፋ ነው። ጥልቀት ያለውን ዓለም ወረቀት ላይ የማስተኛቱን ሥራ ካሜራው ጨርሶልሻል፤ አንቺ የምትሠሪው ከጠፍጣፋ ወደ ጠፍጣፋ ማሻገር ነው። ጀበናው ፊት ስትቀመጪ ግን ያ ሥራ ሙሉ በሙሉ አንቺ ላይ ይወድቃል። ሁለት ዓይን አለሽ፣ ጭንቅላትሽ ትንሽ ዘንበል ባለ ቁጥር ቅርጹ ይለወጣል። በዚያ ላይ አእምሮሽ «የስኒ አፍ ክብ ነው፣ መቀመጫው ልሙጥ ነው» እያለ የምታዪውን ትቶ የምታውቂውን ያሥልሻል።

ዓባይ ማዶ ስለ ካሬው ያለው እውነት ነው፣ አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። በ16ኛው መቶ ዘመን ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬኽት ዱረር በክር የተከፋፈለ ማዕቀፍ አቁሞ የሚሥል ሰው በእንጨት ኅትመት አሳይቷል። ማዕቀፉ የቆመው በሠዓሊውና በሕይወት ባለች ሴት መካከል ነው። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቫን ጎግም በ1882 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ክር የተወጠረበት ማዕቀፍ አሠርቶ ሜዳና የባሕር ዳርቻ ይዞት ይወጣ ነበር። ዕድሜሽን ስለጠየቅሽም፣ እሱ ሠዓሊ እሆናለሁ ብሎ የቆረጠው በ1880 ነው፣ በ27 ዓመቱ። ከአንቺ በአንድ ዓመት ይበልጥ ነበር፣ የጀመረውም የመልመጃ ሥዕሎችን እየገለበጠ ነው።

ስለዚህ ካሬሽን አትጣዪው። ከፎቶው ላይ አንሺውና አየር ላይ አቁሚው። የጫማ ካርቶን ውሰጂ፣ መሐሉን 15 በ20 ሳንቲሜትር አድርገሽ በምላጭ ክፈቺው፣ በየ5 ሳንቲሜትሩ ጥቁር ክር ወደ ታችም ወደ ጎንም ወጥሪ፣ ጫፉን በፕላስተር ያዢው። 12 ካሬ ይሆናል። ወረቀትሽ ላይም 12 ካሬ በስሱ አስምሪ። ማዕቀፉን በመጻሕፍት ደግፈሽ በአንቺና በጀበናው መካከል አቁሚው፣ አገጭሽን የሆነ ቋሚ ነገር ላይ አሳርፊ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ። አሁን የጀበናው አንገት የትኛውን ክር የት ላይ እንደሚያቋርጥ ታያለሽ። የምታውቂው አሠራር ስለሆነ አይከብድሽም፤ ልዩነቱ ጠፍጣፋ የምታደርጊው አንቺ መሆንሽ ነው። ሲለምድልሽ ክሮቹን አንሥተሽ በመሐል የሚሻገሩትን ሁለቱን ብቻ ተዪ። ከዚያ እነሱንም አንሺ፣ ባዶ መስኮት ይቅር። በመጨረሻ ካርቶኑን ትተሽ በእርሳስ ብቻ ለኪ፦ ክንድሽን ሙሉ በሙሉ ዘርጊ፣ ክርንሽ አይታጠፍ፣ በአውራ ጣትሽ የሆዱን ስፋት እርሳሱ ላይ ያዢና ቁመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ቁጠሪ። ክርንሽ ከታጠፈ ልኩ በየጊዜው ይለያያል፣ ተማሪዎቼን ቀኑን ሙሉ የምቆጣቸው በዚህ ነው።

ይህ ለዓይን ነው። ለእጅ ደግሞ የየዕለት መልመጃ አለ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሆንሽ የተበላሸ ኤ4 አታጪም፤ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሥሪ። እስክሪብቶ ያልኩት አይጠፋምና ነው። ላጲስ ካለ እጅ ሳያስብ ይጀምራል። ሁለት ነጥብ አድርጊ፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ሳይነካ ከነጥብ ወደ ነጥብ በአየር ላይ አመላልሺው፣ እጅሽ መንገዱን ሲይዘው በአንድ ትንፋሽ ሳቢው። ከእጅ አንጓ ሳይሆን ከትከሻ ይምጣ። መስመሩ ነጥቡን አልፎ ቢሄድ ችግር የለም፤ ቀጥ ማለቱ ነው ቁም ነገሩ። የተጠራጠረ፣ የተቀጣጠለ፣ ፀጉር የመሰለ መስመር ግን እንዳይኖር። ከፎቶ ሲገለብጡ የኖሩ እጆች ብዙ ጊዜ ይህ ልማድ አለባቸው፣ ምክንያቱም ከጣት ብቻ ነው የሚሠሩት።

ከመስመር ቀጥሎ ሳጥን። ሳጥን 12 ጠርዝ አለው፣ አራት አራት ሆነው በሦስት አቅጣጫ ይሄዳሉ። ከአንቺ የሚርቁት አራቱ እየተቀራረቡ መሄድ አለባቸው፣ ርቀው ቢቀጥሉ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ገጹን በሰማያዊ እስክሪብቶ በተለያየ አቅጣጫ በዞሩ ሳጥኖች ሙዪው። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ያዢና የእያንዳንዱን ሳጥን ራቂ መስመሮች በማስመሪያ አስረዝሚያቸው። መገናኘት ሲገባቸው የሚበታተኑትን ቀዩ ያሳይሻል። ያንን ገጽ አታርሚው፤ ቀጣዩ ገጽ ላይ አስቢበት። ረከቦት ሳጥን ነው፣ በርጩማም ሳጥን ውስጥ ነው የሚሠራው፣ የሰው ጭንቅላትም በመጀመሪያው ደረጃ እንደ ሳጥን ነው የሚዞረው። ስለዚህ ሳጥን ላይ ቶሎ አትሰልቺ።

አንድ ነገር አደራ። ካለሽ ጊዜ ግማሹን ብቻ ለመልመጃ ስጪው። ግማሹ የምትወጂውን የምትሥዪበት ይሁን፣ ይበላሽም አይበላሽም። መልመጃ ብቻ የሠራ ልጅ በሁለት ወር ውስጥ እርሳስ ይጠላል፤ አይቻለሁ።

ዘደብረ ወርቅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው የምሠራው። መምህር ስለ ቅደም ተከተል ያሉትን እቀበላለሁ። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በመወድስ አይጀምርም፤ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ላይ ይከርማል፣ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያለ ነው ስምንት ቤት መወድስ ላይ የሚደርሰው። መስመርና ሳጥኑን እንደዚያ እዪው፤ ጉባኤ ቃና ትንሽ ናት ብሎ የናቃት የለም።

የማልስማማበት አለኝ። ሥዕል ሁሉ ከአንድ ቦታ በአንድ ዓይን የታየ መሆን አለበት የሚል ስሜት እንዳያድርብሽ፣ እኅቴ። በአባቶቻችን ሥዕል ደጋጎቹ ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው ነው የሚሣሉት፣ ክፉዎቹ በጎን በአንድ ዓይን። ብርሃን ከአንድ መስኮት አይገባም፣ ጥላም መሬት ላይ አይወድቅም። ይህ ባለማወቅ የሆነ ሳይሆን ሥርዓት ነው። የኛው ጎጃም ቄስ አዳሙ ተስፋው ከዚህ ሥርዓት ተነሥተው የራሳቸውን እጅ ያወጡ ሰው ናቸው፣ ሥራቸው አሜሪካ ድረስ ለኤግዚቢሽን ደርሷል።

በመገልበጥም አትፈሪ። እኛ የተማርነው በመገልበጥ ነው፤ ነገር ግን ከመምህር እጅ እንጂ ከፎቶ አይደለም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ፎቶ የትኛው መስመር እንደሚበልጥ አይነግርሽም፣ የሠዓሊ እጅ ግን መርጦ ነው ያስቀመጠው። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ከሄድሽ፣ ወይም ለአንቺ በሚቀርብሽ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለውን የልብስ እጥፋት ብቻ እዪ። ፊቱን ተዪው። ዑራ ያለው በሸማ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። እጥፋቱ ከትከሻ ተነሥቶ ጉልበት ላይ ሲደርስ ሠዓሊው ስንት መስመር እንደተጠቀመ ስታዪ ትገረሚያለሽ፣ ጥቂት ነው። ፎቶ ከማንሣትሽ በፊት ካህኑን አስፈቅጂ፣ ቁጭ ብሎ በእርሳስ መያዝ ከተፈቀደልሽ ግን እሱ ይበልጣል። ቤትሽ ደግሞ ጋቢ ሚስማር ላይ ሰቅለሽ ከሚስማሩ የሚወርዱትን ዋና ዋና እጥፋቶች ብቻ ያዢ። እያንዳንዱን ሽብሽብ አትከተዪ።

የማርቆስ ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መምህር፣ ማዕቀፉን ሠራሁት፤ ካርቶኑ ከሱቅ፣ ክሩ ከእናቴ መርፌ ሣጥን። አንገቱ ከመሐል ወጣ! በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ካሬ ውስጥ ብቻውን ገብቶ ሳየው የክፍተቱን ቅርጽ ብቻ ሣልኩት፣ እጀታው ራሱ መጣ። ከፎቶ ስገለብጥ እንዲህ አይቼ አላውቅም። ዘደብረ ወርቅ፣ ጋቢውን ሰቅያለሁ፣ እናቴ ምን ሆነሻል እያለችኝ ነው።

አሁንም የሚያስቸግሩኝ አሉ። ስኒዎቹ ዛሬም አይቀመጡም፣ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ሳጥኖቼን በቀይ ሳስረዝማቸው ብዙዎቹ ወደ ኋላ እየሰፉ ይሄዳሉ። ጀበናውን ጥላ ላድርግለት ስል ደግሞ ጥላሸት ስለሆነ ሁሉም ጥቁር ነው፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ አይለይም። የምረቃ ሰሞንም እየደረሰ ነው፣ ሰው ማዘዝ ጀምሯል። ከፎቶ መሥራቱን ለጊዜው ልተወው ወይ?

መምህር ከባሕር ዳር

ጎሽ! ክፍተቱን መሣል ማንም ሳይነግርሽ ማግኘትሽ ደስ አሰኝቶኛል። የዕቃውን ስም አእምሮሽ ያውቀዋል፣ የክፍተቱን ስም ግን አያውቀውም፤ ስለዚህ ጣልቃ አይገባብሽም። በበርጩማ እግሮች መካከልም ሞክሪው።

ስኒው። የሳልሽውን ሳላይ የሆነውን ልገምት፦ አፉን ሞላላ አድርገሽ መቀመጫውን በቀጥታ መስመር ዘግተሽዋል፣ ጠረጴዛው ልሙጥ ስለሆነ። ተነሺና ስኒውን ከፍ አድርገሽ ከዓይንሽ ትክክል ያዢው። አፉ መስመር ብቻ ሆኖ ይታይሻል። ቀስ እያልሽ አውርጂው፤ አፉ እየተከፈተ እየከበበ ይሄዳል። እንግዲህ ረከቦቱ ላይ ሲቀመጥ መቀመጫው ከአፉ ይልቅ ከዓይንሽ ደረጃ ወደ ታች የራቀ ነው፣ ስለዚህ የመቀመጫው ሞላላ ከአፉ ሞላላ ይልቅ የተከፈተ መሆን አለበት። መቀመጫው ጠባብ ስለሆነ በስፋት ያንሳል፣ ከስፋቱ አንጻር ግን የበለጠ ክብ ነው። ሙሉውን ሞላላ ሣዪ፣ የማይታየውን የኋላውን ግማሽ ጭምር፣ ስኒው ብርጭቆ እንደሆነ አድርገሽ። በመጀመሪያ በመሐሉ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ጣዪ፣ ሁለቱም ሞላላዎች ግራና ቀኛቸው ለዚያ መስመር እኩል ይሁን። ጫፎቻቸው እንደ ዓይን ጥግ እንዳይሾሉ ተጠንቀቂ፤ ጥጉም ላይ ይዞራሉ። ማቶቱም በዚሁ ሕግ ነው፦ ሙሉ ቀለበቱን ሥለሽ ስታበቂ ጀበናው የሸፈነውን ክፍል ትተዪዋለሽ። ሞላላ በእጅ ለማስለመድ እስክሪብቶውን ሳታነሺ ሁለት ዙር አዙሪው፣ ከአንድ ዙር ይልቅ ያምራል።

ሳጥኖችሽ ወደ ኋላ የሚሰፉት መስመሮቹን አንድ በአንድ ስለምታስቢያቸው ነው። አንድ መስመር ከመሳብሽ በፊት በዚያ አቅጣጫ የሚሄዱትን ሌሎቹን ሦስቱን እዪና አራቱም ወደ አንድ ቦታ ያሰቡ እንደሆነ ጠይቂ። በተለይ ለአንቺ ሩቅ የሆነችው፣ የማትታየው ጥግ የት እንደምታርፍ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ለጊዜው ትናንሽ ሳጥን አትሥሪ፤ ትልልቅ አድርጊያቸው፣ ስሕተቱ ይታያል፣ ከትከሻም ለመሳብ ይመቻል።

ጀበናውን ለጥላ ተዪው፣ ጥቁር ዕቃ ለጀማሪ አይሆንም። እንቁላል ውሰጂ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጪው፣ ማታ መብራት አጥፍተሽ በአንድ ጎኑ ሻማ አብሪ። መብራት የጠፋ ቀን ይሄ ያለ ወጪ ይገኛል። አሁን በቅርብ እዪው። ብርሃኑ የሚመታው ወገን አለ፤ ከዚያ እየፈዘዘ ይዞራል፤ ከዚያ ጨለማው ይመጣል። ጨለማው ግን ጠርዙ ላይ አይደለም የሚበረታው፣ ከጠርዙ ገባ ብሎ ነው። ጠርዙ ጋ ትንሽ ፈካ ይላል፣ ምክንያቱም ብርሃኑ ከወረቀቱ ተመልሶ ከታች ይነካዋል። ያቺን መለስተኛ ብርሃን እንደ ዋናው ብርሃን አታፍኪያት፣ ጥላ ውስጥ ናት። ወረቀቱ ላይ የወደቀው ጥላ ደግሞ እንቁላሉ ሥር በጣም ጥቁር ሆኖ እየራቀ ይለሰልሳል። ለዚህ ኤች ቢ ብቻ ይከብድሻል፣ 4ቢ አንድ አስልኪ፤ ኤች ቢ ላይ በርትተሽ ብትጫኚ ወረቀቱ ያብረቀርቃል እንጂ አይጠቁርም። ዘደብረ ወርቅ ስለ አባቶች ሥዕል ያለውን በሙሉ እቀበላለሁ፤ ይህ የእኔ ሕግ ፊት ለፊትሽ ያለን ዕቃ በአንድ ብርሃን ለመሣል ብቻ የሚሠራ ነው፣ የእነሱን ሥራ ለመመዘኛ አይሆንም።

ትዕዛዝሽን አትመልሺ። እንጀራ ነው። ነገር ግን ሰውዬው ፎቶውን ሊሰጥሽ ሱቅ ሲመጣ ዐሥር ደቂቃ አስቀምጠሽ በእርሳስ ያዢው፤ ብዙ ሰው እሺ ይላል፣ ደስም ይለዋል። እንዲመስል አትጨነቂ። ጭንቅላቱ ወዴት እንደዞረ በሳጥን ያዢ፣ ዓይኖቹ የት እንደሚያርፉ ለኪ። ዓይን ከአናት እስከ አገጭ ካለው ርቀት እኩሌታ ላይ ነው ያለው፤ ፀጉሩን ረስተው ወደ ላይ የሚሰቅሉት ብዙ ናቸው። ከዚያ ትዕዛዙን እንደ ልማድሽ ከፎቶው ሥሪ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዪ ፎቶው የትኛውን ነገር እንዳጠፋብሽ ይገባሻል፤ ብዙ ጊዜ የአንገቱንና የትከሻውን አቀማመጥ ነው።

የሳጥኖቹን ገጾች ቀዩ መስመር እንዳለበት ፎቶ አንሥተሽ እዚህ ለጥፊልኝ፣ ቀኑን ጥግ ላይ ጻፊበት። ስኒውንም ጨምሪ፣ የኋላው ግማሽ ሳይጠፋ።